በግራ እጅ የተያዘ ሻማ

ኮንት ኮንስታንቲ ራዶሚልስኪ በሥዕል አዳራሻቸው ውስጥ፣ በአያት ቅድመ አያቶቻቸው ሥዕል ፊት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሰውዬው ሰባውን አልፈዋል፤ ከመኸር ጀምሮም ጤና አልነበራቸውም። አንድያ ልጃቸው ከቦልሼቪኮች ጋር በተደረገው ጦርነት ከሞተ ወዲህ ኑሮ በቃኝ ያሉ ይመስሉ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ ዓይናቸውን ገለጥ አድርጎ አየና «ልባቸው ነው» ብሎ ሄደ። ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ያላለቀው የሰበካው ቄስ አባ አንዜልም በሬሳው ላይ ሊጸልዩ ጎንበስ ሲሉ በሟቹ ጣት ላይ አንድ ነገር ስላዩ ነው።

መርማሪ ዳኛ ቫሌንቲ ድሮዝድ ዛሌሺን ወደሚባለው የኮንቱ መንደር የደረሰው በቀብሩ ዕለት ጠዋት ነው። ከበረዶ ጋሪው ሲወርድ አባ አንዜልም ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። አፍንጫቸው በብርድ ቀልቷል።

«ሰም ነው» አሉት፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ። «የንብ ሰም። በግራ እጃቸው፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ነው። አጣቢዎቹን ያንን እጅ አትንኩ አልኳቸው። በዚህ ቤት የሚበራው ደግሞ የጋዝ ፋኖስ ነው።»

«ሻማ አብርተው ይሆናላ፣ አባ።»

«አንተ የገበሬ ልጅ ነህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሚያጣጥር ሰው በእጁ ምን ይያዝለታል?»

ድሮዝድ ያውቀዋል። በየካቲት መባቻ በሻማ በዓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚባረክ፣ የነጎድጓድ ሻማ የሚሉት አለ። ሰማዩ ሲያጓራ መስኮት ላይ ይበራል። ሰው ሊሞት ሲልም ነፍሱ በጨለማ እንዳትሄድ እጁ ላይ ይያዝለታል። ሚስቱ ቴዎዶዝያ በኅዳር በከተማው ሆስፒታል ስትሞት ማንም አልያዘላትም። እሱ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ድሮዝድ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰው ይመረምራል፤ ግን የሚሰማው ነገር የለም። ጥርስ ሊነቀልበት እንደደነዘዘ ድድ፣ እየነካ ቢሞክረው የራሱ አይመስለውም።

«ቤቴ ያው፣ ከዚህ ይታያል» አሉ ቄሱ በእጃቸው እያመለከቱ። «ሻማ ለማብራት ጊዜ ያገኘ ሰው እኔን ለመጥራት ጊዜ አጣ? በቅስና ዘመኔ ሁሉ ሻማውን አብርቶ ቄስ ሳይጠራ የቀረ ሰው አላየሁም። እዚህ ደግሞ ጠዋት ገብተን ብቻቸውን ሞተው አገኘናቸው ይሉኛል፤ ሁሉም በአንድ አፍ።»

«ለዚህ ነው የጠሩኝ?»

«ለዚህ ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ይቀበራሉ። የሣጥኑ ክዳን በሚስማር ከመመታቱ በፊት እንድታይልኝ ብዬ ነው።»

ሁለቱም ወደ ውስጥ ገቡ።

አዳራሹ ይቀዘቅዛል። በግድግዳው ላይ የራዶሚልስኪ ወንዶች ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅለዋል፤ ሰይፍ የታጠቀ አለ፣ መላጣ አለ፣ አንድ ዓይና አለ። ሚስቶቻቸው ከጎናቸው አነስ አነስ ባሉ ክፈፎች ተስለዋል። ከታች ሣጥኑ ክፍት ነው። በሣጥኑ እግርጌ የቤቱ ዓርማ የተቀረጸበት ያረጀ የእንጨት ጋሻ ተደግፏል፤ በአንድ እግሯ የቆመች ሽመላ ናት።

ድሮዝድ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀኝ እጅ በጥቁር ጓንት ተሸፍኗል፤ ግራው ባዶ ነው። ሰሙ ቄሱ እንዳሉት ነበር። በሰሙ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ነጣ ያለ ጭረት ተጣብቋል። ድሮዝድ በጥፍሩ ነካ አድርጎ ተወው። ቀና ሲል ከኋላው ሰው እንደቆመ አወቀ።

«ቆንጆ አይደሉም?» አለ የቆመው ሰው። ቀጭን ጢሙን በቅባት ያስተኛ፣ ሐዘን ላይም ቢሆን ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። «ካዬታን ብሮኒች እባላለሁ፣ ክቡር ዳኛ። የሟች ባለቤታቸው የወንድም ልጅ ነኝ። ከልቮቭ መጥቼ ሳምንት ሆነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሾርባ ብቻ ስጠጣ ሰነበትኩ። ይኼ ሁሉ ደንና መሬት ያለው ቤት አንድ ቁራጭ ሥጋ አያቀርብም!»

«ለምን መጡ?»

«ልጃቸው ሊያደርጉኝ።» ካዬታን ሳቀ። «አይዩኝ እንደዚያ፤ አስቀድመው ሊጠረጥሩኝ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ግን ምን ቆርጦኝ? ሬሳው የተገኘ ጠዋት ኖታሪው የጉዲፈቻውን ወረቀት ይዞ በር ላይ ነበር። አንዲት ሌሊት ቢታገሡልኝ ኖሮ ዛሬ ከፊትዎ የቆመው ካዬታን ራዶሚልስኪ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር አክስቴ ለምላቸው ለእህታቸው ለኤውፍሮዚና ሆነ። እኔ ሾርባዬን ጠጥቼ ወደ ልቮቭ።»

«ቢሆንልዎት ኖሮ ምን ሊያደርጉ አስበው ነበር?»

«ደኑን እሸጠዋለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርገዋለሁ? ዛፍ ቆጥሬ ልኑር? ያንን ሺሞን የሚሉትን የደን ሹምም ዕቃህን ሸክፍ እለው ነበር። ትኩር ብሎ ያየኛል፤ አልወደውም።» ጋሻውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ዛሬ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይኼን የሚሰብረው እሱ ነው። የዘሩ የመጨረሻ ወንድ ሲሞት ጋሻው ይሰበራል፤ ያውቁታል መቼም። ለእኔ ሰጡኝ፤ የወርካ ዕድሜ ያለው እንጨት ነው፣ በእኔ እጅ አይሞከርም አልኳቸው።»

«የኮንቱን እጅ ጨብጠው ያውቃሉ?»

«እሳቸው ማንን ይጨብጣሉ? አንገታቸውን ነቅነቅ ነው። ከጓንቱም ጋር ነው የሚበሉት። የድሮ መኳንንት ወግ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ድሮዝድ አመስግኖት ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ወጥ ቤቷ ባልቢና ከቀብር መልስ ለሚቀርበው ማዕድ ጎመንና አተር ታማስል ነበር። ትልቅ ሴት ናት፤ ዓይኗ አብጧል፣ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። ድሮዝድ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ያን ምሽት ምን ጠጡ፣ እሜቴ ባልቢና?»

«ሁልጊዜ የሚጠጡትን ነዋ፣ ጌታዬ። ትኩስ የማር መጠጥ፣ በቅርንፉድ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬላቸው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደገባ እኔ ምን አውቄ? እኔ ከመሸ እግሬ አይታዘዘኝም።»

«ኩባያውስ?»

ማማሰያዋን ያዝ አደረገች። «ጠዋት መደርደሪያው ላይ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። እኔ አላጠብኩትም። ይኼን ለሐኪሙ ብነግረው ፊት ነሳኝ፤ ባልቢና ጎመንሽን ቀቅዪ አለኝ።»

«የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

«ዱቄት አለ። ባለፈው ሳምንት ሙሉ ነበር፤ ትናንት ባየው ብልቃጡ ባዶ። እሳቸው ራሳቸው ወስደውት ነው እንዳይሉኝ፤ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚከፈት ነው፤ እሳቸው...» ከንፈሯን ነከሰች።

«እሳቸው ምን?»

«ምስጢር ነው፣ ጌታዬ። በወንጌል አስምለውኛል።»

«ሞተዋልኮ።»

ባልቢና እጇን በሽርጧ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀኝ እጃቸው ከመኸር ጀምሮ የሞተ ነው። ጣታቸው ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም። እንግዳ እንዳያውቅባቸው ጓንት አደረጉ። ብቻቸውን ሲበሉ እመቤቴ ኤውፍሮዚና ሥጋውን ይቆርጡላቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ሾርባ ብቻ ነው የማቀርበው። ሾርባ በግራም ይጠጣላ!» ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

«ይኼን የሚያውቅ ማን ነው?»

«እኔ፣ እመቤቴና ሐኪሙ። ሐኪሙ ደግሞ ያን ማታ ከተማ ነበር፤ ሲነጋ ነው አስጠርተን ያመጣነው።»

ድሮዝድ በጓሮ በኩል ወጣ። የደን ሹሙ ሺሞን ግሮምኒትስኪ ለመቃብሩ አፍ የሚነጠፍ የጥድ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይከምራል። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሰፊ ትከሻና ትንሽ ንግግር ያለው ሰው ነው። ዳኛውን ሲያይ መጥረቢያውን ግንድ ላይ ሰክቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስምህ ከሻማው ጋር ይመሳሰላል» አለው ድሮዝድ።

«ያገኙኝ በሻማው በዓል ነው፣ ጌታዬ። በቅርጫት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ። ወላጅ የለኝም። የዚያን ጊዜው ቄስ በሻማው ስም ግሮምኒትስኪ፣ የነጎድጓድ ሻማው ብለው ጠሩኝ።»

«ካዬታን ጌታ ቢሆን ከደኑ ሊያባርርህ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምን አሰብክ?»

ሺሞን ትከሻውን ሰበቀ። «ምን አስባለሁ? የማውቀው ይኼንን ደን ነው። ሌላ ቦታ ያለ ዛፍ አያውቀኝም።»

ድሮዝድ ዓይኑ ከሰውዬው ግንባር በላይ ወዳለው ጸጉር ሄደ። አንዲት ጭብጥ የምታህል ቦታ አጥራና ተጠቅልላ ቡናማ ሆናለች።

«ጸጉርህን ምን ነካው?»

ሺሞን አፈረ፤ ጆሮው ቀላ። «ወይዘሪት ኤውፍሮዚና ናቸው። በየዓመቱ የሻማው ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ጠርተው በሻማቸው ለብለብ ያደርጉኛል። ደን ውስጥ ነው የምትውለው፣ መብረቅ እንዳይመታህ ይላሉ። ልጅ እያለሁ ጀምሮ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ ብላቸው፣ ዝም ብለህ ጎንበስ በል ይሉኛል። ሰዉ ይስቅብኛል።»

«ዘንድሮም?»

«ይኼው፣ ሳምንት አልሞላውም።»

«ለሌሎቹስ የቤቱ ሰዎች?»

«ኧረ፤ ለእኔ ብቻ ነው።»

የተለበለበው ጸጉር ድሮዝድን ወደ ልጅነቱ የጭቃ ቤት ወሰደው፤ እናቱ ጭንቅላቱን በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ ሻማ በእጇ፣ እሱ እየተንፈራገጠ። ሽታውን አስታወሰው፤ ሌላ የተሰማው ነገር አልነበረም።

ወይዘሪት ኤውፍሮዚና ራዶሚልስካ በክፍላቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የተልባ እግር ይፈትሉ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አሁንም ወይዘሪት ናቸው። ድሮዝድ ሲገባ እንዝርታቸውን አላቆሙም።

«በቀብር ዕለት ሥራ እንደማይሠራ አውቃለሁ» አሉ። «እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል። ይቀመጡ።»

«የራስዎን ሥዕል አዳራሹ ውስጥ አላየሁትም።»

«የለም። ሴት የምትሳለው ስታገባ ነው፤ በባሏ አዳራሽ።» ክሩን በጣታቸው ሳብ አደረጉት። «እዚህ ቤት የሚቆጠረው በሰይፍ የመጣ ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ። ከሴት የመጣ በእንዝርት የመጣ ይባላል። በእንዝርት የመጣ ዘመድ ነው፤ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ሰውን ሁሉ ያዳምጡ እስቲ፤ 'የመጨረሻው ራዶሚልስኪ ሞቱ' እያለ መጥቶ እጄን ይስማል።»

«ይቆጣሉ?»

ቆም ብለው አሰቡበት። «ድሮ እቆጣ ነበር።»

«ወንድምዎ በሻማው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር?»

«አልሄደም፤ ታሞ ነበር። ዘንድሮ ሻማ የለውም።»

«የእርስዎን ላየው?»

ከኮሞዲኖው መሳቢያ አውጥተው ሰጡት። ወገቡ በተልባ እግር ፈትል የታሰረ፣ ቀጥ ያለ ወፍራም ሻማ ነው። የሚነደው የመሐል ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ በረዶ ነጭ ነበር። ድሮዝድ አገላብጦ አየው፤ አመስግኖ መለሰላቸው።

የባልቢናን ሻማ ጠየቀ፤ በሰማያዊ ጥብጣብ የታሰረ፣ ክሩ የጠቆረ ነው። ሺሞን ከጎጆው አምጥቶ ያሳየው በተልባ እግር የታሰረ ነው፤ ጫፉ ትንሽ ነድዷል። ካዬታን «እኛ ልቮቭ ኤሌክትሪክ አለን» አለ። ቀጥሎ ድሮዝድ ቄሱን ፈልጎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው። መልሱን ሲሰማ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመ። ብርዱ ፊቱን ይቆነጥጠው ነበር። መልሱን አሁን ያውቀዋል፤ ባያውቀው ግን ይሻል ነበር። ዝም ቢል ደኑ ለማን እንደሚሆን፣ ቢናገር ማን ምን እንደሚያጣ ቁልጭ ብሎ ታየው። ቴዎዶዝያ ብትኖር ማታ ይነግራት ነበር፤ እሷም አንድ ነገር ትለው ነበር።

ክዳኑን የሚመቱት ሰዎች መዶሻቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ድሮዝድ አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ በር ላይ አቁሞ የቤቱን ሰዎች በሣጥኑ ዙሪያ ሰበሰበ። ካዬታን ብቻ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ቆሙ።

«ረጅም ንግግር አልወድም» አለ ድሮዝድ። ድምፁ የባቡር ሰዓት የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። «ኮንቱ በመጠጣቸው ውስጥ በገባ የእንቅልፍ ዱቄት ሞተዋል። ራሳቸው አልጨመሩትም፤ ብልቃጡ በሁለት እጅ የሚከፈት ነው፣ የሚሠራው እጃቸው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።»

«እንዴት አንድ?» አለ ካዬታን። ከዚያ ገባውና፣ «ሾርባው!» አለ።

«ሾርባው። አባ አንዜልም በግራ እጃቸው ላይ ሰም አዩ። ሲያጣጥሩ አንድ ሰው አጠገባቸው ነበረ፤ የነጎድጓዱን ሻማ አብርቶ አስያዛቸው። ቄስ ግን አልጠራም። የቄሱ ቤት ከዚህ ይታያል። ይኼ ሰው ኮንቱ እንዲሞቱ ፈልጓል፤ ነፍሳቸው እንድትጠፋ ግን አልፈለገም። ስለዚህ ሌባ አይደለም፣ እንግዳም አይደለም። የሚወዳቸው ሰው ነው።»

ባልቢና አማተበች።

«ሻማ የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው። ይኼኛው የተያዘው በግራ ነው። ያስያዘው ሰው ቀኙ እንደሞተ ያውቅ ነበር። ካዬታን አያውቅም፤ ሳምንት ሙሉ በሾርባው ተማርሮ ምክንያቱን አልጠየቀም። ሺሞን ገበታ ቤት አይገባም። የሚያውቁት ባልቢናና ወይዘሪት ኤውፍሮዚና ናቸው። ሰሙ ውስጥ የተልባ እግር ጭረት አለ። የባልቢና ሻማ በጥብጣብ ነው የታሰረው።»

«አክስቴ እድሜ ልካቸውን ሲፈትሉ ነው የኖሩት!» አለ ካዬታን። «ጭረቱ በዚህ ቤት አየር ላይ ሁሉ አለ፤ እኔም ልብሴ ላይ አይጠፋም።»

«እውነት ነው። ወይዘሪት ሻማቸውንም አሳይተውኛል። አልነደደም፤ ክሩ ነጭ ነው። ይኼ ነጻ ሊያወጣቸው ይገባ ነበር።» ድሮዝድ ወደ ሺሞን ዞረ። «ባርኔጣህን አውልቅ።»

ሺሞን አወለቀ።

«ይኼ ጸጉር የተለበለበው በወይዘሪት ሻማ ነው፤ ዘንድሮ፣ በበዓሉ ዕለት። ጸጉር ያቃጠለ ሻማ ክሩ እንዴት ነጭ ይሆናል? ያሳዩኝ የእሳቸው አይደለም። ወንድሜ ዘንድሮ ሻማ የለውም ብለውኝ ነበር። አባ፣ ወይዘሪት ዘንድሮ ስንት ሻማ አስባረኩ?»

«ሁለት» አሉ ቄሱ በዝግታ። «አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለታመመው ወንድሜ ብለው።»

«ያሳዩኝ የወንድማቸውን ነው። የራሳቸው የት ሄደ?» ድሮዝድ ወደ ሣጥኑ ተጠጋ፤ እጁን በሟቹ ራስ ስር፣ ከትራሱ በታች ሰደደ። ሲያወጣው ወገቡ በተልባ እግር የታሰረ፣ ግማሹ የነደደ ሻማ ይዞ ነበር። «ለሙት የበራ ሻማ ለሌላ አይበራም፤ አይጣልምም። እናቴም ከአባቴ ጋር ነው የቀበረችው። ሌላ ሰው ቢሆን ምድጃ ውስጥ ይጥለው ነበር። እሳቸው አላስቻላቸውም።»

ካዬታን እግሩን አወረደ።

«ግን ለምን?» አለች ባልቢና። «ቀን ከሌት ሲያስታምሟቸው እኔ አይደለሁ ያየሁት?»

ድሮዝድ ይኼን ባይናገር ይመርጥ ነበር። «በበዓሉ ዕለት በሻማ የልጅ ጸጉር የሚለበልበው ማን ነው፣ እሜቴ ባልቢና?»

«እናት ናታ» አለች ባልቢና። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ወደ ሺሞን ዞረች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወይዘሪት ኤውፍሮዚና የቆሙበትን አልለቀቁም። ሲናገሩም ስለ ሌላ ሰው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

«አባቱ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ሊጠግን የመጣ ሰው ነበር። ጠግኖ ሄደ። ልጁን ኮንስታንቲ በቅርጫት አድርጎ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው፤ በሻማው በዓል፣ ሰው እንደሚበዛ አውቆ። ብርድ እንዳይመታው የራሱን ካባ አልብሶት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ደኑን እንዲጠብቅ ያስቀጠረልኝም እሱ ነው። እንዳልናገር አስማለኝ፤ አልተናገርኩም።»

«ያን ምሽትስ?» አለ ድሮዝድ።

«ገብቼ ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኩት። ስሙን ለሰው መስጠትህ ካልቀረ ለእሱ ስጠው፣ ደሙ ደማችን ነው አልኩት። በእንዝርት የመጣ አይቆጠርም አለኝ። ካዬታንስ በምን መጣ? አልኩት። 'በምንም' አለ፤ ሳቀ። 'ምንም ከእንዝርት ይሻላል።'» መቀነታቸውን አስተካከሉ። «ከዚያ ዱቄቱን ጨመርኩለት። ስሙም ይቅር፣ ጋሻውም ይሰበር፤ እሱ ሳይፈርም ከሞተ ደኑ ለእኔ ይሆናል፣ ከእኔ ለልጄ አልኩ። መጠጡን ስሰጠው እጄን ሳመኝ። እንቅልፍ ሲወስደው ፈራሁለት። ኮንስታንቲ ጨለማ ይፈራል፤ ልጆች ሳለን እስኪተኛ ድረስ መብራት ይዤለት የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ሻማዬን አምጥቼ አበራሁለት። ቀኙ አልይዝ አለኝ፤ በግራው ጨብጬለት ቁጭ አልኩ።»

«ለምን አልጠሩኝም?» አሉ አባ አንዜልም። ድምፃቸው ተሰብሯል።

«ብጠራዎት ሐኪም ጥሩ ይሉ ነበር፣ አባ። ይተርፍ ነበር።» ወደ ሣጥኑ አዩ። «እስካሁን አላለቀስኩም። ይመጣልኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አልመጣም።»

ድሮዝድ ይኼን ያውቀዋል። ሊነግራቸው ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ?

«ደኑስ?» አሉት በመጨረሻ።

«ሕግ ገዳይን አያወርስም። ካዬታንም የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ ሺሞንም በመዝገብ ላይ ወላጅ የለውም። የመንግሥት ይሆናል።»

«ካዬታን አያገኘውም?»

«አያገኘውም።»

«መንግሥት ለደኑ ሹም ያስፈልገው የለ?»

«ያስፈልገዋል» አለ ድሮዝድ።

«እንግዲህ ይበቃኛል» አሉ ወይዘሪት ኤውፍሮዚና፤ ለካዬታን ማንም ያዘነለት አልነበረም። ክዳኑ ተመታ።

ወደ መቃብሩ ሲሄዱ አሥር አለቃው ከወይዘሪት ኤውፍሮዚና ኋላ ይራመድ ነበር፤ እጃቸው ላይ ግን ካቴና አልገባም። መንደሩ በሙሉ በበረዶው ላይ ቆሟል። ሣጥኑ ሲወርድ አባ አንዜልም ጋሻውን ግንድ ላይ አስደግፈው ሊሉት የሚገባውን ጀመሩ። «እነሆ የራዶሚልስኪ ዘር...» አሉና ቆሙ። ዓይናቸው ከወይዘሪት ኤውፍሮዚና ወደ ሺሞን፣ ከሺሞን ወደ መጥረቢያው ሄደ።

«ይበሉ እንጂ፣ አባ» አሉ ወይዘሪት ኤውፍሮዚና። «ሰዉ በረደው።»

«እነሆ የራዶሚልስኪ ዘር አለቀ፤ በዚህ ስም የሚጠራ ከእንግዲህ በምድር ላይ የለም።»

ሺሞን መጥረቢያውን አነሣ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው በአንድ ምት ሽመላዋን ለሁለት ሰነጠቃት። ፍልጮቹን አንሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለ፤ ማንንም አላየም።

የበረዶ ጋሪው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ወይዘሪት ኤውፍሮዚና ሊወጡ ሲሉ ወደ ድሮዝድ ዞሩ። ግማሹ የነደደው ሻማ በወረቀት ተጠቅልሎ በብብቱ ስር ነበር።

«ይወስዱታል?»

«ማስረጃ ነው፣ ወይዘሪት።»

«እኔ የምሄድበት ቦታ ሻማ ይሰጣሉ?»

ድሮዝድ አፉን ከፈተ። ስለ ኅዳር፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ባዶ እጅ ሊነግራቸው ይችል ነበር። «አላውቅም» አለ።

«እኔ አለኝ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ሺሞን መጥረቢያውን የት እንደጣለው አይታወቅም። በአንድ እጁ በተልባ እግር የታሰረውን የራሱን ሻማ፣ በሌላው የበግ ቆዳ ካባውን ይዞ መጣ። ሻማውን በእጃቸው አስጨበጣቸው። ካባውን ከትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ ከአገጫቸው ስር ቆለፈላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ እመቤቴ፣ እርስዎ፣ ይቀመጡ፣ ይሂዱ ሲላቸው ኖሯል፤ መንደሩም ሌላ ሲል ሰምቶት አያውቅም። ጎንበስ አለ፤ የተለበለበው ጸጉሩ ከፊታቸው ጋር ትክክል ሆነ።

«አይዞሽ» አላት።